ሆልቤክ ሾርባ አይደለችም

ጃንዋሪ 6

የክልሉ ጤና ቢሮ መግለጫ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሽቅብ የሚወጣ ቀይ መስመር፣ ቁልቁል የሚወርድ ሰማያዊ መስመር፣ ከግርጌ የዶክተር ጆሴሊን ላቫሌ ፊርማ። የዘንድሮው ኢንፍሉዌንዛ ብርዱ ሳይወጣ ከአራት ሰው አንዱን ይይዛል ትላለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ወረዳውን በሙሉ አንድ ድስት ውስጥ ከትታ አማስላዋለች። በእሷ ሂሳብ ማንኛውም ሰው ከማንኛውም ሰው ጋር በእኩል ዕድል ይገናኛል። ጎረቤቴ ሄልጋ ከእኔ ጋር የምታወራውን ያህል ከሐይቁ ማዶ ካለው አሳማ አርቢ ጋር ታወራለች ማለት ነው። ሄልጋ ከገዛ እህቷ ጋር እንኳ ካወራች ዓመታት አልፈዋል።

«ሆልቤክ ሾርባ አይደለችም!» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ቨርና ከመስኮቷ።

«ቴምብር ስጪኝ አልኩ።»

ጃንዋሪ 7

የዚህችን ከተማ የእህል ጎተራ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ የለኝም። ባቡር በማይመጣባቸው የብርድ ቀናት መጻሕፍት በፖስታ እያስመጣሁ ሂሳብ ተማርኩ። አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ የእሱንም ስህተት አብሬ እማር ነበር።

የበሽታ ሂሳብ ሥሩ ቀላል ነው። ሕዝቡ በሦስት ይከፈላል፦ ገና ያልያዘው፣ የያዘው፣ ያለፈለት። ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚፈስ ማወቅ ነው። ከዚያ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ አንድ በሽተኛ በአማካይ ስንት ሰው ያስይዛል? ከአንድ በላይ ከሆነ ይዛመታል፤ ከአንድ በታች ከሆነ በራሱ ጊዜ ይከስማል። እስከዚህ ድረስ ዶክተሯም ታውቃለች። የማታውቀው ማን ከማን ጋር አንድ አየር እንደሚተነፍስ ነው። እኔ ሆልቤክን የምስላት ክፍል በክፍል ነው፦ ትምህርት ቤቱ፣ ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ካፌው፣ በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተትን የምንጫወትበት የከርሊንግ አዳራሹ፣ የአረጋውያን ቤቱ። በክፍሎቹ መካከል የሚመላለሱትን ሰዎች በመስመር አገናኛለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚመላለስበት መስመር ካለ እጥለዋለሁ። ሂሳቡን ያጨናንቃል እንጂ ውጤቱን አይለውጥም።

ግምቴን በየዓመቱ የከተማው ጋዜጣ ያወጣዋል። እስካሁን ያፈርኩበት ዓመት የለም። ጤና ቢሮው ይህን ማለት ይችል እንደሆነ ይጠየቅ።

ጃንዋሪ 10

ከምሳ በኋላ እንደ ሁልጊዜው የአረጋውያን ቤት ሄድኩ። ሚስቴ ስቴፋ በወንድሟ ስም ጠራችኝ፤ ቆይታ ግን ራሷ አረመችው። «ኦረስት፣ በረዶውን ከጫማህ አራግፍ» አለች። ደህና ቀን ነው።

አብራት የምትተኛው ፍሎራ ሬዲዮዋን ቀነሰችና «ዛሬም መጣ? ይሄ ሰውዬ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?» አለች።

«አለው እንጂ። ሰው ሲያስል ቁጭ ብሎ ይቆጥራል» አለቻት ስቴፋ።

ሁለቱም ሳቁ። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ስወጣ የቤቱ ኃላፊ ማርጀሪ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። «አቶ ኦረስት፣ ጤና ቢሮው የከርሊንግ ውድድሩ ከተካሄደ ለጠያቂዎች በሩን እንድንዘጋ ይመክራል። እስከ ማርች መጨረሻ።»

«ምክር ነው ትእዛዝ?»

«ምክር ነው።»

«እንግዲያው ሂሳቤን እስክጨርስ ጠብቂ።»

አምና በእግሬ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቼ ጥቂት ሳምንት ቀርቼ ነበር። ስመለስ ስቴፋ «ቧንቧውን ልትሠራ ነው የመጣኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደገና ኦረስት እስክሆን ድረስ በረዶው ቀልጦ ስንዴው በቅሎ ነበር። ይህ ከሂሳቡ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጃንዋሪ 12

የመጀመሪያው ውጤት አንድ ነጥብ አንድ። አይሆንም። ትምህርት ቤቱን አጋንኜዋለሁ።

ጃንዋሪ 13

ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አምስት። አሁንም ካፌው በዝቷል። ሰው ካፌ የሚገባው ለመብላት ነው፤ አፉ ሙሉ የሆነ ሰው አያወራም።

ጃንዋሪ 14

ዜሮ ነጥብ ስምንት። ይሄ ነው ትክክሉ። ንጹሕ ሥራ ነው።

ጃንዋሪ 16

በከርሊንግ አዳራሹ ስብሰባ ነበር። ዶክተር ላቫሌ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ውሽንፍር፣ ራሷ መኪና ነድታ መጣች። ገና ወጣት ናት። ለከተማ አስፋልት የተሠራ ጫማ አድርጋለች። ሥዕሏን ግድግዳው ላይ በመብራት አሳየችን፤ ያው ሾርባ፣ ቀለሙ በዝቶበት።

ተራዬ ሲደርስ የራሴን አቀረብኩ። ከርሊንግ በብርድ አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ነው አልኩ። አራት ሰው በአንድ ወገን፣ አራት በሌላው፤ ድንጋዩ በበረዶው ላይ ሲንሸራተት ሁለት ጠራጊዎች ከፊት ከፊቱ ይጠርጋሉ፤ የቀሩት ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ከጨዋታው በፊትና በኋላ እጅ መጨባበጡን ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። ውጤቱ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው። ውድድሩ ይካሄድ፤ የአረጋውያን ቤቱም በር ክፍት ይሁን።

«አቶ ዋሲሊክ፣ የላኩልኝን ጽሑፍ ለመንገድ ከመነሣቴ በፊት አንብቤዋለሁ» አለችኝ በቤተሰብ ስሜ። «ክፍል በክፍል መሥራትዎ ከእኔ ይሻላል። እኔ ለአንዲት ከተማ ብቻ የሚሆን መረጃ የለኝም።»

«ከሌለሽ ለምን ትለጥፊያለሽ?»

ሰው ሳቀ። እሷ አልተቆጣችም። «አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። ሰዎቹ ጨዋታው ሲያልቅ የት ይሄዳሉ?»

«ቤታቸው ነዋ! የት ሊሄዱ ኖሯል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከእኔ ጋር በአንድ ቡድን የሚጫወተው ኤልዉድ ማክፋዲን ጠረጴዛውን እየደበደበ «ዶክተር፣ እዚህ አገር ከበረዶ የወረደ ሰው ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለም!» አላት። አንገቱን ያልነቀነቀ የለም። ድምፅ ተሰጠ። ውድድሩ ይካሄዳል። ማርጀሪም በሩን ላለመዝጋት ተስማማች። «የአቶ ኦረስት ቁጥር ይበቃኛል» አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ዶክተሯ በውሽንፍሩ ተመለሰች። እኛ እንደ ደንቡ ከአዳራሹ በላይ ወዳለው ክፍል ወጥተን ጠጣን። የቡድናችን መሪ ሃልቮር ለሁሉም ገዛ።

ጃንዋሪ 19

ጋዜጣው ወጣ። ርእሱን እንደሰጠኋቸው አልለወጡትም፦ «ሆልቤክ ሾርባ አይደለችም»። ቨርና ፖስታ ቤት ውስጥ ከጤና ቢሮው መግለጫ ጎን ለጥፋዋለች። የኔ ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው።

ጃንዋሪ 23

የውድድሩ መጀመሪያ ቀን። ከሩቅ እርሻ ሁሉ ሰው መጥቷል። ኩሽናው ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ፒሮጊ የምንለውን፣ እና በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ያቀርባል። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ላይ ወጥተን መጠጥ ገዛንላቸው። የተሸናፊዎቹ መሪ ዳገላንድ የሚባል ወፍራም ሰው ነው፤ በእያንዳንዱ ቀልድ ጀርባዬን ይመታኛል።

ለማስታወሻ ብዙ ጊዜ የለኝም። ማለዳ ሁለተኛው ጨዋታ አለ።

ጃንዋሪ 24

አንድ አሸነፍን፣ አንድ ተሸነፍን። መጀመሪያ እኛ ገዛን፣ ኋላ እነሱ ገዙ። ኤልዉድ ኦቾሎኒው ሳህን ላይ እያሳለ «ኦረስት፣ ይቺን ሳል የት ክፍል ውስጥ አስገባሃት?» አለኝ።

«የትም። የሲጋራህ ሳል ናት።»

«ሲጋራ ካቆምኩ ስንት ዓመት ሆነኝ?»

«ሳሉ ገና አልሰማም።»

ስምንታችንም ሳቅን። መስታወቱ በእስትንፋስ ጉም ለብሶ ታች ያለውን በረዶ ማየት አልተቻለም።

ጃንዋሪ 25

ሦስተኛ ወጣን። ዋንጫውን የወሰዱት ከሰሜን የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። እስከመጨረሻው ዙር የቀረ ቡድን ከሌሎቹ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ጋር ተጫውቷል። መልካም ውድድር ነበር። ጤና ቢሮው በቀይ መስመሩ ላይ ይንጠልጠል።

ጃንዋሪ 28

ስቴፋ ዘንድ ነበርኩ። ጉሮሮዬን የቤቴ ምድጃ አድርቆታል። ዘንድሮ ከመጠን በላይ ያሞቃል።

ተንከባካቢዋ ሊጋያ በር ላይ የአፍ መሸፈኛ ዘረጋችልኝ። ፊሊፒንሳዊት ናት፤ «ሎሎ» ትለኛለች፣ በአገሯ ቋንቋ አያት እንደማለት ነው። «ሎሎ፣ ድምፅዎ ተቀይሯል። ይቺን ያድርጉ።»

«ስቴፋ ፊቴን ካላየች አታውቀኝም።»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«አያስፈልግም። ቁጥሩ ከአንድ በታች ነው።»

ስቴፋ እጄን ይዛ «ኦረስት፣ እጅህ ይሞቃል» አለች። ስሜን ሳትሳሳት በመጀመሪያ ሙከራዋ ነው የጠራችው። ፍሎራ ብርቱካን ልጬ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ልጬ ሰጠኋት።

ጃንዋሪ 31

ሃልቮር ሆስፒታል ገብቷል፤ ሳንባው ነው አሉ። ዳገላንድም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ልጆቹን ወደ ትልቁ ከተማ ሙዚየም የወሰዷቸው መምህራን ናቸው ያመጡብን። እንዲህ ያለውን ስንፍና የትኛውም ሂሳብ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

ትኩሳት ትንሽ። ምድጃውን ቀነስኩት። አሁን ደግሞ ይበርደኛል።

ፌብሩዋሪ 2

ማርጀሪ ደወለች። ፍሎራ ትኩሳት ይዟታል። «አቶ ኦረስት፣ ቁጥሩን እንደገና ያዩልኛል?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው። የመጣው ከትምህርት ቤቱ ነው።»

«ከትምህርት ቤቱ ወደ እኛ ማን አመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኩሽናሽን ጠይቂ።»

ዛሬ አልሄድኩም። መንገዱ በረዶ ነው።

ፌብሩዋሪ 4

ኤልዉድ ከአልጋው ሆኖ ደወለ። እያሳለ፣ እየሳቀ።

«ኦረስት፣ ተነሥተሃል ወይስ አንተም ወድቀሃል?»

«ምን አግኝቶኝ?»

«እንዲያማ ከሆነ ጉድ ነው። ሃልቮር ተኝቷል፣ እኔ ተኝቻለሁ፣ የዳገላንድ ሰዎች አንድም የተረፈ የለም። ሰሜኖቹም ዋንጫቸውን ታቅፈው እያሳሉ ነው አሉ። ከዚያ ጠረጴዛ በእግሩ የቆመ አንተ ብቻ ነህ። ያንን ያረጀ ስስታም አንገትህን ጉንፋኑም ጠላው መሰለኝ።»

«ከየትኛው ጠረጴዛ?»

«ከየትኛው ይለኛል! አንተ ሰውዬ፣ ከበረዶው ወርደህ የት ነው የሄድከው?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ጠረጴዛው።

ፌብሩዋሪ 5

እጽፈዋለሁ፤ ያልተጻፈ ስህተት ይደገማል።

ከርሊንግ ስንጫወት ያሸነፈው ለተሸነፈው ይገዛል። አባቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነው። ማንም «የት ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መሄድ አይደለማ። የጨዋታው መጨረሻ ነው። ስምንት ሰው አንድ ክብ ጠረጴዛ ከብቦ፣ በሞቀ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ሳህን ኦቾሎኒ እየቆነጠረ፣ ጨዋታው ከፈጀው ጊዜ የማይተናነስ ጊዜ ይቀመጣል። ቀጥሎ ከሌላ ቡድን ጋር ይጫወትና ከእነዚያ ጋር ደግሞ ይቀመጣል። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተቀምጧል። እኔ በረዶውን ቆጠርኩ። መጨባበጡን ቆጠርኩ። ላይኛውን ክፍል ሳልቆጥር አለፍኩ። ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የሚጫወት ሰው ስለሆነ አንድም «ኦረስት፣ ጠረጴዛውስ?» ያለ አልተገኘም። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያም እዚያው ወጥተን ተቀመጥን።

ጠረጴዛውን አስገብቼ ሠራሁት። አንድ ነጥብ ሰባት። ሴትዮዋ በስብሰባው ላይ ያሳየችን አንድ ነጥብ ስድስት ነበር። ማማሰያው ጠረጴዛው ነው። ለሦስት ቀን ሆልቤክ ሾርባ ነበረች።

አንድ ሌላ ነገር ቀረ። በአዳራሹና በአረጋውያን ቤቱ መካከል የሚመላለስ አንድ ሰው ነበር። አንድ ሰው ስለሆነ መስመሩን ጥዬዋለሁ። ውጤቱን አይለውጥም ብዬ።

ምድጃው ምንም የለበትም። አስመርምሬዋለሁ። ሊያየው የመጣው ጠጋኝ ምድጃው ደህና ነው አለ።

ፌብሩዋሪ 6

ማርጀሪ ዘንድ ደወልኩ።

«በሩን ዝጊ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። መጀመሪያ ለእኔ።»

«አቶ ኦረስት፣ ስቴፋ ስለ እርስዎ ትጠይቀናለች» አለችኝ።

«ትጠይቅ።»

«ምን እንበላት?»

«የሚያስለውን ሁሉ ከእሷ ለዩ። ለሷ የምትሉትን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ቀጥዬ ጤና ቢሮው ዘንድ ደወልኩ። ዶክተር ላቫሌ ራሷ አነሣችው።

«ኦረስት ዋሲሊክ ነኝ፣ ከሆልቤክ። ሂሳቤ ውስጥ ጠረጴዛ ጎድሏል።»

«ምን ጠረጴዛ?»

ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ስንት ሰው ይቀመጥበታል?»

«ስምንት።»

«ሁሉም ከተማ ውስጥ እንደዚህ ነው?»

«ከርሊንግ ያለበት ሁሉ።»

እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ሰማሁ። «አቶ ዋሲሊክ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ስጠይቅዎ በግምት ነው የጠየቅኩት።»

«መልሱን ሊያገኙ አይችሉም ነበር» አልኳት። «የሚያውቀው ሰው ነው የዋሸዎት።»

«አልዋሹም።»

«እርስዎ ሂሳብዎን ይሥሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ከተማ ውስጥ ውድድር አለ። አሁኑኑ ይደውሉላቸው።»

ያወራሁት ይሄን ብቻ ነው። ሥዕሏ አሁንም ቀለም በዝቶበታል።

ፌብሩዋሪ 8

ለጋዜጣው የላክሁት፦ «በጃንዋሪ 19 የወጣው ግምቴ ስህተት ነው። ጠረጴዛውን አልቆጠርኩም። በጠረጴዛው የተቀመጠ ሁሉ ቤቱ ይቆይ። ኦ. ዋሲሊክ።» አዘጋጁ ትንሽ ማብራሪያ ጨምርበት አለኝ። በዚህች ከተማ ጠረጴዛው ማለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ከርሊንግ አይጫወትም፤ ካልተጫወተም ለሱ አልጻፍኩም።

ፌብሩዋሪ 9

ፍሎራ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ብርቱካኑን የላጥኩት እኔ ነኝ።

ፌብሩዋሪ 13

ሃልቮር ከሆስፒታል ወጣ። ኤልዉድ ከቤቴ በር ውጭ በረዶው ላይ ቆሞ ሾርባ አምጥቶልኛል። «ይቺ እውነተኛዋ ሾርባ ናት፣ ቁጥር የላትም» እያለ በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ጨው በዝቶባታል። በላኋት።

ፌብሩዋሪ 17

ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ማንኛችንም አላሰብነውም እኮ» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ለማጽናናት ነው። እንዲያስቡ አልጠየቅኳቸውም፤ እኔ አስብላችኋለሁ ብዬ ነው ጋዜጣው ላይ ስሜን ያሰፈርኩት። ማጽናኛቸውን ይዘው ይሂዱ።

ቨርና የኔን ወረቀት ከግድግዳው አንሥታዋለች። መልሺው፣ ማረሚያውንም ከጎኑ ለጥፊው አልኳት። «ለምን አቶ ኦረስት? ያሳፍርዎታል እኮ።» «ስለሚያሳፍረኝ ነው።»

ፌብሩዋሪ 24

ሳሌ ቆሟል። የመረመረኝ ሐኪም በሽታውን ከእንግዲህ ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም ብሎኛል። የአረጋውያን ቤቱ በር ግን እንደተዘጋ ነው፤ ከዚያ ወገን ገና ሦስት ሰው ያስላል። በሩ እንዲዘጋ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እንዲከፈትልኝ አልጠይቅም።

ሊጋያ ደወለች። «ሎሎ፣ ስቴፋ ደህና ናት። አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም። ነገ ከምሳ በኋላ፣ እርስዎ በሚመጡበት ሰዓት፣ በደቡቡ መስኮት በኩል ይምጡ። መጋረጃውን እከፍታለሁ።»

«የሚታይ ነገር የለኝም» አልኳት።

ኋላ ጢሜን ተላጨሁ።

ፌብሩዋሪ 25

በደቡቡ መስኮት በኩል ሄድኩ። በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ማንም አልጠረገውም። ስቴፋ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበረች፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ። ከኋላዋ ያለው የፍሎራ አልጋ ተነጥፏል። ቆቤን አወለቅኩ። ብርድ ነበር፤ ግን ፊቴን ማየት አለባት። ጫማዬን አንድ በአንድ አራገፍኩ፣ እንድታይ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሊጋያ ዞራ አንድ ነገር አለቻት። ስቴፋ እንደገና አለቻት፣ ጣቷን ወደ እኔ እየቀሰረች።

«ምን አለች?» ብዬ ጮህኩ።

ሊጋያ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን እንዳለች ንገሪኝ!»

መስኮቱን በትንሹ ገርበብ አደረገችው። «ሎሎ... ‹ያ ሽማግሌ ይበርደዋል፣ ወደ ቤቱ ይሂድ› አለች። ‹ዛሬ ባሌ መጥቶ የሚቆመው እዚያ ነው ብላችሁኛል፤ ሲመጣ እንዳይከልልብኝ› አለች።»

መስኮቱን ዝጊው፣ ብርዱ ይገባባታል አልኳት።

ከዚያ ለባሏ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ አልኩለት።